የኢትዮጵያ ሸክላዎች ዳግም ኅትመት

የኢትዮጵያ ሸክላዎች ዳግም ኅትመት ከ1960ዎቹ መጨረሻ እስከ 1980ዎቹ አጋማሽ በሸክላና በካሴት ወጥተው ከገበያ የጠፉ የኢትዮጵያ ዘመናዊ ሙዚቃ ሥራዎች ድምፃቸው ጸድቶ፣ በሲዲ፣ በአዲስ ሸክላ ወይም በኢንተርኔት እንደገና ለአድማጭ የቀረቡበት ሂደት ነው። ከቀደምቶቹ አንዱ በ1986 በቤልጅግ የወጣው የማሕሙድ አህመድ «እሬ መላ መላ» ነው። ሥራው ከ1997 ጀምሮ በፓሪስ በሚታተመው «ኢትዮፒክስ» በተባለው ተከታታይ ሰፋ፤ ከ2010 በኋላ ደግሞ ሌሎች የውጭ አገር አሳታሚዎች ተጨመሩበት። ዳግም ኅትመቱ ሙዚቃውን ከመጥፋት ከማዳኑም በላይ ሥራ ያቆሙ ወይም የተረሱ ሙዚቀኞችን ወደ መድረክ መልሷል። በሌላ በኩል የባለቤትነት፣ የክፍያና የምርጫ ጥያቄዎችን አስነሥቷል።

በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት፣ ሌላ ካልተባለ በቀር፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ስያሜ

በአማርኛ «ሸክላ» የሚለው ቃል በመርፌ የሚጫወተውን የሙዚቃ ዲስክ ያመለክታል። እንደ ሸክላ ዕቃ በቀላሉ የሚሰበሩት የቀድሞዎቹ ባለ 78 ዙር ዲስኮችም ሆኑ ከእነሱ በኋላ የመጡት የፕላስቲክ ዲስኮች በዚሁ ስም ይጠራሉ። በኢትዮጵያ በብዛት የታተመው በደቂቃ 45 ጊዜ የሚዞረው ትንሹ ሸክላ ሲሆን፣ በአንድ ገጹ ብዙውን ጊዜ አንድ ዘፈን ይይዛል። ትልቁ ሸክላ በደቂቃ 33 ጊዜ ከሲሶ ይዞራል፤ ሙሉ አልበምም ይይዛል።

ዳግም ኅትመት በሦስት መልክ ይመጣል። አንደኛው የቀድሞውን አልበም ከነዘፈኖቹ ቅደም ተከተልና ከነሽፋኑ እንደነበረ ማውጣት ነው። ሁለተኛው ከልዩ ልዩ ትንንሽ ሸክላዎች ዘፈኖችን መርጦ በአንድ ስብስብ ማቅረብ ነው። ሦስተኛው በመጀመሪያው ኅትመት ያልነበሩ ቅጂዎችን ጨምሮ ማውጣት ነው። ከኢትዮጵያ ሥራዎች ብዙዎቹ በትንንሽ ሸክላዎች የወጡ በመሆናቸው ሁለተኛው መልክ ይበዛል።

ታሪካዊ ዳራ

የመጀመሪያዎቹ የኢትዮጵያ ሙዚቃ ሸክላዎች የተቀዱት በ20ኛው መቶ ዘመን የመጀመሪያ ዓመታት ነው፤ ዘፋኙ በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ወደ ጀርመን የተላከው ተሰማ እሸቴ ነበር። ከዚያ በኋላ ለብዙ ዓመታት ዘመናዊ ሙዚቃ በመንግሥት ተቋማት እጅ ቆየ። የክብር ዘበኛ፣ የፖሊስ፣ የጦር ሠራዊትና የማዘጋጃ ቤት ኦርኬስትራዎች ሙዚቀኞችን አሠለጠኑ፣ ቀጠሩ። በ1948 በወጣ ትእዛዝ ደግሞ ሸክላ የማስመጣትና የማሳተም መብት ለአገር ፍቅር ማኅበር ብቻ ተሰጠ።

ይህን ብቸኛ መብት የተዳፈረው ገና በሃያዎቹ ዕድሜ የነበረው የሙዚቃ ቤት ባለቤት አምሃ እሸቴ ነው። በ1969 አምሃ ሪከርድስን አቋቁሞ የአለማየሁ እሸቴን ዘፈኖች አሳተመ። በአገር ውስጥ የሸክላ ማተሚያ ስላልነበረ ቀረጻው ወደ ውጭ ተልኮ፣ በመጀመሪያ በህንድ፣ ኋላም በሌሎች አገሮች ይታተም ነበር። አምሃ ሪከርድስ እስከ 1975 ባለው ጊዜ 103 ትንንሽ ሸክላዎችንና 12 ያህል ትላልቅ ሸክላዎችን አውጥቷል። በተመሳሳይ ዓመታት ፊሊፕስ ኢትዮጵያና የዓሊ አብደላ ካይፋ «ካይፋ ሪከርድስ» በሥራው ተሰማርተዋል። ዓሊ አብደላ በሙዚቃ ቤቱ ስም «ዓሊ ታንጎ» እየተባለ ይጠራ ነበር።

ከ1974 አብዮት በኋላ የሰዓት እላፊ ታወጀ፤ የአዲስ አበባ የምሽት ሙዚቃ ሕይወትም ጠበበ። አምሃ እሸቴ በ1975 ወደ አሜሪካ ተሰደደ። በ1970ዎቹ መጨረሻ የሸክላ ኅትመት ቆሞ ርካሽ የሆነው ካሴት ቦታውን ወሰደ። ስለዚህ ዛሬ «ወርቃማው ዘመን» የሚባለው የሸክላ ጊዜ ዐሥር ዓመት እንኳ በቅጡ አልሞላም። ዳግም ኅትመት በዋናነት የሚቀዳው ከዚህ አጭር ዘመን ነው።

«እሬ መላ መላ» እና «ኢትዮፒክስ»

ማሕሙድ አህመድ «እሬ መላ መላ»ን ከአይቤክስ ባንድ ጋር በካይፋ ሪከርድስ በ1975 አወጣ። ፈረንሳዊው ፍራንሲስ ፋልሴቶ የማሕሙድን ሸክላ በ1984 በአጋጣሚ ሰማ፤ በቀጣዩም ዓመት ሙዚቀኞቹን ፍለጋ አዲስ አበባ ገባ። በ1986 ክራምድ ዲስክስ የተባለው የብራስልስ አሳታሚ ሥራውን ለአውሮፓ ገበያ አቀረበ። የዘፈኑን ቋንቋ የማይሰሙ አድማጮች ክብ እየሠራ የሚመላለሰውን ምት፣ የነሐስ መሣሪያዎቹን ቅብብልና የማሕሙድን የድምፅ ቅላጼ ወደዱለት።

ፋልሴቶ ከአምሃ እሸቴና ከሌሎች አሳታሚዎች ጋር ተስማምቶ በ1997 ቡዳ ሙዚክ በተባለው የፓሪስ አሳታሚ በኩል «ኢትዮፒክስ»ን ጀመረ። ተከታታዩ በ2017 ወደ 30ኛው ጥራዝ ደርሷል። እያንዳንዱ ጥራዝ የሙዚቀኞቹን ፎቶግራፎችና ሰፊ የታሪክ ማብራሪያ የያዘ ቡክሌት አለው። ስለዚህ ተከታታዩ ከሙዚቃነቱ ሌላ እንደ ታሪክ ሰነድም ያገለግላል። ከጥራዞቹ መካከል የሚከተሉት ይገኛሉ፦

1ኛ ጥራዝ፦ ከአምሃ ሪከርድስ ሸክላዎች የተመረጡ ዘፈኖች።

4ኛ ጥራዝ (1998)፦ የሙላቱ አስታጥቄ ኢትዮ ጃዝና ሌሎች በመሣሪያ ብቻ የተቀነባበሩ ሥራዎች።

5ኛ ጥራዝ፦ የትግርኛ ዘፈኖች።

6ኛ እና 7ኛ ጥራዝ፦ የማሕሙድ አህመድ «አልማዝ» እና «እሬ መላ መላ»።

9ኛ ጥራዝ፦ አለማየሁ እሸቴ።

14ኛ ጥራዝ፦ የሳክስፎን ተጫዋቹ ጌታቸው መኩሪያ።

16ኛ ጥራዝ፦ ክራር ተጫዋቿና የመድረክ ተዋናይቷ አስናቀች ወርቁ።

17ኛ ጥራዝ፦ ጥላሁን ገሠሠ።

21ኛ ጥራዝ (2006)፦ የእማሆይ ጽጌ ማርያም ገብሩ የፒያኖ ድርሰቶች። እማሆይ በኢየሩሳሌም ገዳም ይኖሩ ነበር፤ ከሙዚቃቸው የሚገኘውንም ገቢ ለበጎ አድራጎት ያውሉ ነበር።

27ኛ ጥራዝ፦ የተሰማ እሸቴ ቀደምት ቅጂዎች።

ጥራዞቹ ሁሉ ዳግም ኅትመት አይደሉም። ለምሳሌ 2ኛው ጥራዝ በ1990ዎቹ የተቀዱ የከተማ አዝማሪዎችን የያዘ ነው። 30ኛው ደግሞ አቀናባሪና ፒያኖ ተጫዋች ግርማ በየነ አካሌ ውቤ ከተባለው የፈረንሳይ ባንድ ጋር የሠራው አዲስ አልበም ነው።

ጌታቸው መኩሪያና የፐንክ ባንዱ ዘ ኤክስ

ጌታቸው መኩሪያ በ1935 በይፋት ተወለደ። በልጅነቱ ክራርና መሲንቆ ተጫውቷል፤ በ1940ዎቹ መጨረሻም የማዘጋጃ ቤት ኦርኬስትራን ተቀላቀለ። በኋላ በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴአትርና በፖሊስ ኦርኬስትራ አገልግሏል። የሚታወቀው የጦረኞችን ሽለላና ፉከራ ወደ ቴነር ሳክስፎን በማምጣቱ ነው። ሸላዩ ድምፁን እየነዘረና እየገታ የሚያሰማውን ጥሪ፣ ጌታቸው በትንፋሹ ኃይል በመሣሪያው ላይ አስተጋባው። በመድረክም እንደ ጀግና የአንበሳ ጎፈር ደፍቶና ካባ ደርቦ ይታይ ነበር። የአሜሪካ ፍሪ ጃዝ ከመሰማቱ በፊት በራሱ መንገድ ወደ ተመሳሳይ ድምፅ መድረሱ የውጭ አድማጮችን ሲያስገርም ኖሯል።

በ1970ዎቹ መጀመሪያ በፊሊፕስ ኢትዮጵያ የወጣው ሥራው በ2003 በኢትዮፒክስ 14ኛ ጥራዝ እንደገና ታተመ። ከዚያ በኋላ የሆነው ነገር ዳግም ኅትመት የቆየ ሙዚቃን ካልታሰበ ቦታ ጋር እንዴት እንደሚያገናኝ ያሳያል።

ዘ ኤክስ በ1979 በኔዘርላንድስ የተመሠረተ የፐንክ ባንድ ነው። ፐንክ በ1970ዎቹ አጋማሽ በአሜሪካና በእንግሊዝ የተስፋፋ፣ አጫጭርና ፈጣን፣ በጩኸት የሚዘፈን የሮክ ስልት ነው። ከእሱ ይበልጥ የፈጠነው ሃርድኮር ፐንክ ወጣ፤ ሃርድኮር ደግሞ ከሄቪ ሜታል ጋር ተቀራርቦ ትራሽ ለተባለው ስልት መንገድ ጠርጓል። በዚህ የሙዚቃ ዓለም ባንዶች ከትልልቅ ኩባንያዎች ርቀው ሥራቸውን ራሳቸው ማሳተማቸው፣ ያለቀባቸውንም አልበም ራሳቸው መልሰው ማውጣታቸው የተለመደ ነው። ዘ ኤክስም በዚሁ መንገድ የሚሠራ ባንድ ነው።

ባንዱ በ2002 በኢትዮጵያ ተዘዋውሮ ሙዚቃውን አቀረበ። በ2004 የ25ኛ ዓመት በዓሉን በአምስተርዳም ሲያከብር ጌታቸውን ጋበዘ። በወቅቱ ወደ 70 ዓመት እየተጠጋ የነበረው ጌታቸው በባንዱ ድምፅ ረክቶ አብረው አልበም እንዲሠሩ ጠየቀ። «ሞዓ አንበሳ» በ2006 የወጣው በዚህ ምክንያት ነው። አሳታሚው የባንዱ ጊታር ተጫዋች ቴሪ ኤክስ የሚመራው ቴርፕ ነበር። የሚነዝረው ሳክስፎንና የሚንኳኳው የፐንክ ጊታር የተገናኙት በሽለላው ላይ ነው፤ ሁለቱም ሙዚቃዎች ከመለሳለስ ይልቅ መፎከርን ያስቀድማሉና። በ2012 «የአንበሳው ትዝታ» የተባለ ሁለተኛ አልበም ተከተለ። ጌታቸው በኤፕሪል 2016 አረፈ።

ኃይሉ መርጊያ

ኃይሉ መርጊያ በአዲስ አበባ ሂልተን ሆቴል ይጫወት የነበረው የዋልያስ ባንድ ኦርጋን ተጫዋች ነበር። በሰዓት እላፊው ዘመን የሙዚቃ ታዳሚ ወደ ቤቱ መሄድ ስለማይችል እስከ ንጋት በአዳራሹ ያድር፣ ባንዱም ሌሊቱን ሲጫወት ያነጋ ነበር። ዋልያስ በ1977 ያወጣው «ቼ በለው» የተባለው ትልቅ ሸክላ በግርማ በየነ የተደረሰውን «ሙዚቃዊ ስልት» ይዟል። ሸክላው በኋላ በሰብሳቢዎች እጅግ ከሚፈለጉት የኢትዮጵያ ሥራዎች አንዱ ሆነ።

ባንዱ በ1981 ወደ አሜሪካ ተጉዞ ሲጨርስ፣ ኃይሉ ከጥቂት ጓደኞቹ ጋር እዚያው ቀረ። በ1985 አኮርዲዮንን ከኤሌክትሪክ ፒያኖና ከሲንተሳይዘር ጋር አዋሕዶ፣ መሣሪያዎቹን ሁሉ ብቻውን በመጫወት «ሸሞንሟናዬ» የተባለውን ካሴት ቀዳ። ከዚያ በኋላ ከመድረክ ርቆ በዋሽንግተን አካባቢ የታክሲ ሹፌር ሆኖ ሠራ።

አሜሪካዊው ብራያን ሺምኮቪትዝ ይህን ካሴት በባሕር ዳር አንድ ካሴት ቤት አገኘ፤ ባለሙዚቃውንም አፈላልጎ አነጋገረው። ሺምኮቪትዝ «ኦውሰም ቴፕስ ፍሮም አፍሪካ» በተባለው አሳታሚው በኩል ካሴቱን በ2013 መልሶ አወጣው፤ በ2014 «ቼ በለው»ን፣ በ2016 ኃይሉ ከዳህላክ ባንድ ጋር የሠራውን «ወደ ሐረር ጉዞ»ን አስከተለ። ኃይሉ ወደ መድረክ ተመልሶ «ላላ በሉ» (2018) እና «የኔ ምርጫ» (2020) የተባሉ አዳዲስ አልበሞችን አወጣ። ይህ ታሪክ ዳግም ኅትመት ከብዙ ዓመታት ዝምታ በኋላ አዲስ ሥራ ሊወልድ እንደሚችል በምሳሌነት ይጠቀሳል።

ሙላቱ አስታጥቄ

በ1943 በጅማ የተወለደው ሙላቱ አስታጥቄ በዌልስ፣ በለንደንና በቦስተን ተምሮ የኢትዮጵያን ቅኝቶች ከጃዝና ከላቲን ሙዚቃ ጋር በማዋሐድ ኢትዮ ጃዝን መሠረተ። «አፍሮ ላቲን ሶል» የተባሉትን ሁለት አልበሞች በ1966፣ «ሙላቱ ኦቭ ኢትዮጵያ»ን ደግሞ በ1972 በኒው ዮርክ አሳተመ። በ1974 «የካቲት» የተባለው አልበሙ በአምሃ ሪከርድስ ወጣ።

የኢትዮፒክስ 4ኛ ጥራዝ ካስተዋወቀው በኋላ፣ የፊልም አዘጋጁ ጂም ጃርሙሽ በ2005 «ብሮክን ፍላወርስ» በተባለው ፊልሙ ውስጥ የሙላቱን ሥራዎች ተጠቀመ፤ በዚህም የአድማጩ ቁጥር እጅግ ጨመረ። በ2010 ናስና ዴሚየን ማርሊ «የግሌ ትዝታ» የተባለውን ሥራውን ለራፕ ዘፈናቸው መሠረት አደረጉት። ስትራት የተባለው አሳታሚ «ሙላቱ ኦቭ ኢትዮጵያ»ን በ2017፣ የ1966ቱን አልበሞች በ2018 መልሶ አወጣ።

አሠራር

የዳግም ኅትመት ጥራት የሚወሰነው በዋናነት በመነሻው ቅጂ ነው። ከሁሉ የሚመረጠው በስቱዲዮ የተቀዳው ዋናው ቴፕ ነው። ይሁን እንጂ ቴፕ በእርጥበትና በሙቀት ይጎዳል፤ በስደትና በሥርዓት ለውጥ መካከል ይጠፋል ወይም ሌላ ነገር ይቀዳበታል። ዋናው ቴፕ ካልተገኘ በጥሩ ሁኔታ የተያዘ ሸክላ ይፈለጋል። አንዳንዴ የአንድ ዘፈን ሁለትና ሦስት ቅጂዎች ተሰብስበው፣ ከእያንዳንዱ ያልተጫረው ክፍል ተወስዶ ይገጣጠማል።

ሸክላው ታጥቦ በተስማሚ መርፌ ከተጫወተ በኋላ ድምፁ ወደ ኮምፒዩተር ይገባል። ከዚያ የጭረትና የአቧራ ድምፆች ይነሣሉ። ሥራው ጥንቃቄ ይጠይቃል፤ ማጽዳቱ ከበዛ የጸናጽሉ ጥራትና የዘፋኙ ትንፋሽ አብሮ ይጠፋል። የፍጥነቱም ጉዳይ አለ። የቀረጻው መሣሪያ ወይም ማጫወቻው ከተገቢው ፍጥነት ትንሽ ካለፈ ወይም ከዘገየ ዘፈኑ ከቅኝቱ ከፍ ወይም ዝቅ ይላል። ቋሚ ድምፅ ያላቸው እንደ ፒያኖና ኦርጋን ያሉ መሣሪያዎች ለማስተካከያ ይረዳሉ።

ከካሴት መገልበጥ ሌላ ችግር አለው። የስቱዲዮ ቴፕ በሰከንድ 19 ወይም 38 ሴንቲ ሜትር ሲጓዝ፣ ካሴት የሚጓዘው 4.76 ሴንቲ ሜትር ብቻ ነው። ስለዚህ የሚይዘው የድምፅ ዝርዝር ያነሰ፣ የጀርባው ሹክሹክታም የጎላ ነው። በኢትዮጵያ እንደነበረው ካሴት ከካሴት እየተገለበጠ ሲባዛ ጉድለቱ በየደረጃው ይጨምራል።

የባለቤትነት ጥያቄ

በአንድ ዘፈን ላይ የግጥም ደራሲው፣ የዜማ ደራሲው፣ አቀናባሪው፣ ዘፋኙ፣ ተጫዋቾቹና ያሳተመው ድርጅት የየራሳቸው ድርሻ አላቸው። ብዙዎቹ የቀድሞ ሸክላዎች ግን ከዘፋኙ ስም በቀር የሌሎቹን አይገልጹም፤ የሕዝብ ዜማ በሆነና ደራሲ ባለው ሥራ መካከል ያለውም ድንበር ሁልጊዜ ግልጽ አይደለም። ስለዚህ መልሶ የሚያሳትም ሰው ፈቃድ ከማን እንደሚጠይቅና ክፍያውን ለማን እንደሚሰጥ ለማወቅ ይቸገራል።

ሸክላዎቹ ሲወጡ በሥራ ላይ የነበረው የ1960 የፍትሐ ብሔር ሕግ የድርሰትና የኪነ ጥበብ ሥራ ባለቤትነትን የሚመለከቱ አንቀጾች ነበሩት። በኋላ በኢትዮጵያ አቆጣጠር በ1996 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 410/1996 የቅጂና ተዛማጅ መብቶችን በዝርዝር ደነገገ። በአዋጁ የደራሲው የገንዘብ መብት በሕይወት ዘመኑና ከሞቱ በኋላ ለ50 ዓመት ይጠበቃል፤ ለከዋኞችና ለድምፅ ቅጂ አሳታሚዎችም የ50 ዓመት ጥበቃ ይሰጣል። የደራሲውና የአሳታሚው የጥበቃ ዘመን የሚያበቃው በተለያየ ጊዜ በመሆኑ፣ አንድ ሸክላ ስላረጀ ብቻ ያለ ፈቃድ መታተም ይችላል ማለት አይደለም።

አሳታሚዎች የሚከተሉት አሠራር ይለያያል። አንዳንዶቹ ከቀድሞው አሳታሚ ፈቃድ ይገዛሉ፤ ሌሎች በቀጥታ ከሙዚቀኛው ጋር ይዋዋላሉ። ኦውሰም ቴፕስ ፍሮም አፍሪካ ለምሳሌ ትርፉን ከሙዚቀኛው ጋር እኩል እንደሚካፈል ይገልጻል።

ተጽዕኖና ክርክር

ዳግም ኅትመቱ ከፍ ያለ ዓለም አቀፍ ዝና አስገኝቷል። ማሕሙድ አህመድ በ2007 የቢቢሲ ሬዲዮ 3ን የዓለም ሙዚቃ ሽልማት በአፍሪካ ዘርፍ ተቀበለ። በ2008 ማሕሙድ፣ ሙላቱ፣ አለማየሁና ጌታቸው በእንግሊዝ በጋራ መድረክ ቀረቡ። በአውሮፓና በአሜሪካም የኢትዮጵያን ሙዚቃ የሚጫወቱ ባንዶች ተፈጠሩ።

ዋናው ክርክር ምርጫን ይመለከታል። የቱ ሸክላ እንደገና ይታተም የሚለውን በአብዛኛው የወሰኑት የውጭ አሳታሚዎች ናቸው። አማርኛ ለማይሰማ አድማጭ በመሣሪያ ብቻ የተቀነባበረ ሙዚቃ ይቀርበዋል፤ ለአገር ቤት አድማጭ ግን የዘፈኑ ክብደት ብዙ ጊዜ ከግጥሙና ከቅኔው ይመነጫል። በዚህ ምክንያት በውጭ ስለ ኢትዮጵያ ሙዚቃ ሲነሣ ሙላቱ ቀድሞ ሲጠራ፣ በአገር ቤት ቀድሞ የሚጠራው ጥላሁን ገሠሠ ነው። «ወርቃማው ዘመን» የሚለው አጠራርም ሸክላ የታተመባቸውን ጥቂት ዓመታት አጉልቶ፣ በደርግ ዘመን በካሴት የወጡትን ሥራዎች ወደ ጥላ ይገፋል። የኃይሉ መርጊያ ካሴት እንደገና መታተም ይህን አመለካከት በከፊል አርሟል።

ሌላው ጥያቄ ተደራሽነት ነው። ኅትመቶቹ በአብዛኛው የሚሸጡት በውጭ አገር፣ በውጭ ምንዛሪ ነው፤ ከሙዚቃው ጋር የሚወጡት የታሪክ ማብራሪያዎችም በፈረንሳይኛና በእንግሊዝኛ የተጻፉ ናቸው። ስለዚህ አንድ ኢትዮጵያዊ ተማሪ ዘፈኑን በስልኩ በቀላሉ ቢያገኝም፣ ማን እንዳቀናበረው፣ መቼና የት እንደተቀዳ የሚነግረውን ጽሑፍ በአማርኛ አያገኝም። ዘፈኑ ከነታሪኩ እንዲደርሰው ከተፈለገ ከድምፁ ጋር ማብራሪያውም በአገሩ ቋንቋ እንደገና መታተም ይኖርበታል።